በአንጎል አደጋ የሚደርስ የነርቭ ጉዳትን በቺፕ የሚያጠናው ቤተ ሙከራችን እንዲዘጋ ስለተላለፈው ውሳኔ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ጥር 2017 ዓ.ም.
አለም ገና

ለምርምር ማዕከላችን የምርምር ዘርፍ ጽሕፈት ቤት
ለምርምር ገምጋሚ ኮሚቴ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የፕሮጀክታችን መቋረጥና የቤተ ሙከራ ክፍላችን መወሰድ ዳግም እንዲታይልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የዘርፉ ኃላፊና የኮሚቴው አባላት፣

ባለፈው ኅዳር በተጻፈልን ደብዳቤ፣ በአንጎል ላይ በሚደርስ አደጋ ምክንያት የሚመጣውን የነርቭ ጉዳት በቺፕ፣ ማለትም ነርቮች በሚያድጉበት ትንሽ የሲሊኮን መሣሪያ ላይ ለማጥናት የጀመርነው ሥራ «ከማዕከሉ የትኩረት መስኮች ውጭና ችግር ፈቺነቱ ያልተረጋገጠ» ስለሆነ እንዲቋረጥ፣ የምንሠራበት ክፍልም ለንብረት ክፍል ተመላሽ እንዲሆን ተወስኖብናል። ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ነው። ግምገማው በምን ላይ እንደተመሠረተ፣ ማን እንደገመገመን፣ ያቀረብነው የሥራ ሪፖርት ይነበብ አይነበብ አይገልጽም። እኛም በመዋቅሩ መሠረት ቅሬታችንን በጽሑፍ አስገብተን፣ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ይዘን መልስ ስንጠብቅ፣ ክፍሉ ተከፍቶ ዕቃ ሲገባበት አየን። በግልጽ ለመጻፍ የተገደድነው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳዩም የጥቂት ሠራተኞችና ተማሪዎች የሥራ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፣ በማዕከላችን በር ፊት በሚያልፈው መንገድ ላይ የሚጎዱ ሰዎችን የሚመለከት ስለሆነ ሕዝብ ሊያውቀው ይገባል ብለን እናምናለን።

«ችግር ፈቺነቱ አልተረጋገጠም» ከተባለው እንጀምር። ከአየር ጤና ተነሥቶ በአለም ገና በኩል ወደ ሰበታና ወደ ጅማ የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ችግሩ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪኖች፣ የፋብሪካ ሰርቪሶች፣ ሚኒባሶች፣ ባጃጆችና ጋሪዎች በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ ሄልሜት ያላደረጉ የቀን ሠራተኞች በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቆመው ፎቅ ይሠራሉ። የመንገድ አደጋ በአገራችን በየዓመቱ የሺዎችን ሕይወት ይቀጥፋል፤ ከሞት የተረፉት ቁጥር ከዚያ እጅግ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት ወደ 69 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች የአንጎል ጉዳት እንደሚደርስባቸው፣ ሸክሙም ከባለጸጎቹ ይልቅ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ላይ እንደሚከብድ ያመለክታል።

ከተጎጂዎቹ አንዱን የኮሚቴው አባላት ሳያዩት አልቀሩም። የአንድ የጥበቃ ባልደረባችን ታናሽ ወንድም በዚሁ መስመር የሚኒባስ ረዳት ነበር። መኪናው ከኋላ ሲገጭ ጭንቅላቱ ከበሩ ብረት ጋር ተላትሞ ለሰዓታት ራሱን ስቶ ቆየ፤ ሲቲ ስካን ተነሣ፤ «ደም የለም፣ ስብራት የለም» ተባለና ማስታገሻ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቁመናው ዛሬም የጤነኛ ሰው ነው። ወደ ሥራው ሲመለስ ግን ብሮቹን እንደ ልማዱ በጣቶቹ መካከል አጥፎ ይይዝና፣ ከኋላ ወንበር ሂሳብ ተቀብሎ መልስ ሊሰጥ ሲል ለማን እንደሚመልስ ይጠፋበት ጀመር። ተሳፋሪዎች እያወቀ የሚያደርገው መስሏቸው ሰደቡት፤ ሹፌሩም ታግሦት ታግሦት በሌላ ረዳት ተካው። ዛሬ ምሳውን ከወንድሙ ጋር ለመብላት ወደ በራችን ይመጣል፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይውላል።

እኛ የዚህ ወጣት ሐኪሞች አይደለንምና በእሱ ላይ የደረሰው ይህ ነው ብለን አንፈርድም። እንዲህ ያለ ታሪክ ባላቸው ብዙ ታካሚዎች ላይ ግን ሕክምናው የሚያውቀው አንድ ጉዳት አለ። ሳቢና ስትሪች የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዝ ባሳተመችው ጥናት፣ ከጭንቅላት አደጋ በኋላ አእምሯቸው ክፉኛ ተዳክሞ ቆይተው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምራ፣ የራስ ቅል ስብራት ሳይኖር ነጩ የአንጎል ክፍል፣ ማለትም ከአንዱ የአንጎል ክፍል ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርሱት አክሶን የሚባሉ የነርቭ ክሮች በብዛት ተጎድተው አገኘች። ዛሬ የተሠራጨ የአክሶን ጉዳት የምንለው ይህ ነው። ሲቲ ስካን ደምንና አጥንትን አጥርቶ ያሳያል፤ ውፍረታቸው በአብዛኛው የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ያህል የሆኑትን አክሶኖች ግን ሊያሳይ አይችልም። «ንጹህ ነው» የሚለው የምስል ውጤት ብዙ ጊዜ የታካሚውን ጤንነት የማያረጋግጠው ለዚህ ነው።

አክሶን በተፈጥሮው ለስላሳ ነው። በዝግታ ቢለጠጥ ብዙ ይታገሣል፤ ጭንቅላት በድንገት ተሽከርክሮ በድንገት ሲቆም ግን ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ቅጽበት ይለጠጣልና አይችለውም፤ በቀስታ የተጎተተ ሊጥ እንደሚሳብ፣ ድንገት የተመነተፈው ግን እንደሚበጠስ ያለ ነገር ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ አክሶኖች በአደጋው ቅጽበት አይበጠሱም፤ የሥራችን መሠረትም ይህ ነው። መጀመሪያ በውስጣቸው ያሉት ማይክሮቲዩቡል የሚባሉ ቀጫጭን ምሰሶዎች ይሰባበራሉ፤ የአክሶኑ ሽፋን ሶዲየም ያስገባል፤ ሶዲየሙ የካልሲየምን በር ያስከፍታል፤ ካልሲየሙም ካልፔይን የተባለውን ኢንዛይም ቀስቅሶ የአክሶኑን አጽም ያስበላል። ከሕዋሱ አካል ተነሥተው በምሰሶዎቹ ላይ ይጓዙ የነበሩ ፕሮቲኖች መንገድ ሲዘጋባቸው በየቦታው ይከማቻሉ፤ አክሶኑ እንደ መቁጠሪያ ያብጣል፤ ከሰዓታት እስከ ቀናት ቆይቶም ለሁለት ተቆርጦ ይለያያል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን፣ ከሕዋሱ የተለየው የአክሶን ክፍል እንዴት እንደሚበሰብስ፣ አውግስጦስ ዋለር እ.ኤ.አ. በ1850 ገልጾታል። በአደጋውና በመለያየቱ መካከል ያለው ጊዜ ግን ሕክምና ሊገባበት የሚችል ክፍት ጊዜ ነው። በጭንቅላት ውስጥ የተቋጠረን ደም የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከፍቶ ያወጣዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች መሠልጠን በመጀመራቸው ይህ አገልግሎት ካለፈው ይልቅ ዛሬ ይሻላል። ለተለጠጡት አክሶኖች ግን ቢላዋ አይሠራም፤ የተረጋገጠ መድኃኒትም እስካሁን የለም።

ቺፑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ አንድ አክሶን ከአደጋው በኋላ ሰዓት በሰዓት ሲለወጥ መመልከት አይቻልም። ነርቮችን በተለመደው የቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ማሳደግ ደግሞ የሕዋሱን አካልና አክሶኑን ያደባልቃል፤ ጉዳቱ የት እንደጀመረ መለየት ያስቸግራል። ሮበርት ካምፐኖት እ.ኤ.አ. በ1977 ነርቮችን በክፍል በክፍል የሚለይ ሳሕን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2005 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የኑ ሊ ጂዮን ቡድን ሐሳቡን ወደ ትንሽ የሲሊኮን ቺፕ አመጣው። ሁለት ክፍሎች በጠባብ ቦዮች ይገናኛሉ፤ ቦዮቹ ወደ 10 ማይክሮ ሜትር ስፋትና 3 ማይክሮ ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው አክሶን ያሳልፋሉ፤ የሕዋሱን አካል ግን አያሳልፉም። በአንዱ ክፍል ያለውን ፈሳሽ ከሌላው በጥቂቱ ከፍ በማድረግ ብቻ፣ በአክሶኖቹ በኩል የተጨመረ መድኃኒት ወደ ሕዋሱ አካል እንዳይሻገር ማድረግ ይቻላል። ሌሎች ተመራማሪዎች ከአክሶኖቹ ሥር ስስ ሽፋን አድርገው በአየር ግፊት ቅጽበት በመንፋት፣ አክሶኖቹን በሚፈለገው መጠንና ፍጥነት መለጠጥ እንደሚቻል አሳይተዋል። እኛም ይህንኑ መንገድ ነው የተከተልነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራበት ሲሊኮን ፒዲኤምኤስ ይባላል። አሥር እጅ ሲሊኮን ከአንድ እጅ ማጠንከሪያ ጋር ይደባለቃል፤ አየሩ በቫኪዩም ይወጣል፤ በሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ላይ ይፈስሳል፤ በምድጃ ይጠነክራል፤ ተላጦ፣ ገጹ በኤሌክትሪክ በነቃ ጋዝ (በፕላዝማ) ታክሞ ከመስታወት ጋር ይጣበቃል። አንድ ጥሩ ሞልድ ካለ ቺፑን ደጋግሞ ማውጣት ይቻላል። «ቅንጦት ነው» የሚል ቃል በቃለ ጉባኤው ውስጥ ሰፍሮ ስላየን ነው ይህን የምንዘረዝረው፤ አንዱ ቺፓችን ከሚያስወጣው ገንዘብ ይልቅ ስለ እኛ የተሰበሰበው ስብሰባ ያስወጣው የሻይ ወጪ ይበልጣል።

ማዕከሉ ሳያየው ያለፈውን አንድ ውጤትም እዚህ እናቅርብ። ከውጭ አገር የተጻፉ አብዛኞቹ መመሪያዎች ኢንኩቤተሩ (ሙቀቱና አየሩ ተመጥኖ ሕዋሳት የሚያድጉበት ሳጥን) 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲኖረው ያዝዛሉ። እኛም እንደዚያው አድርገን ነርቮቹ እየታመሙ አስቸገሩን። በኢንኩቤተሩ መስኮት ላይ ቁጥሩ ልክ ነበር፤ ነርቮቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ፣ የሚዲያው፣ ቀለም ግን ብርቱካንማ ቀይ መሆን ሲገባው ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ይህም ፈሳሹ አሲድነቱን አጥቷል ማለት ነው። ምክንያቱ የምንኖርበት ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ጠቅላላው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ 5 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በግፊት ሲለካ ያነሰ ነው። እዚያ 5 በመቶ የሚሰጠውን ለማግኘት እዚህ ወደ 6.5 በመቶ ማድረስ ያስፈልጋል። ሌላው ችግር የበጋው ደረቅ አየር ነበር፤ በቺፑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ስለሆነና ፒዲኤምኤስ የውሃ ተን ስለሚያሳልፍ፣ ሚዲያው ቶሎ ይተንናል፤ ጨውነቱም ይጨምራል። ይህንንም ቺፖቹን ውሃ ከራሰ ሶፍት ጋር በተዘጋ ሳሕን ውስጥ በማስቀመጥ አቃለልነው። ይህን የደረሱበት የቤተ ሙከራ ቴክኒሻኖቻችን ናቸው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ሕዋስ ለማሳደግ ለሚሞክር ማንኛውም ቤተ ሙከራ የሚጠቅም መመሪያ አርቅቀን ለዘርፉ ልከን ነበር። መልስ አልመጣም። የማቋረጫው ደብዳቤ ግን «የሚታይ ውጤት የለም» ይላል።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ።

አንደኛው ቅሬታችን ግምገማውን ይመለከታል። ገምጋሚዎቹ ቤተ ሙከራውን አላዩም፤ ቺፑን በማይክሮስኮፕ ለማሳየት ያደረግነውን ግብዣም አልተቀበሉም። በኮሚቴው ውስጥ የነርቭ ሐኪም፣ የፓቶሎጂ ባለሙያ ወይም ሕዋስ አሳድጎ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የቀረበልንም ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ይህ ቺፕ እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ ስንት ሰው ያድናል?» የሚል። መልሳችን «አንድም» የሚል ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። ቺፕ ሕክምና አይደለም፤ ሕክምና በየት በኩል ሊገባ እንደሚችል የሚፈተሽበት መሣሪያ ነው። ይህ መልስ «ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጥቅም እንደሌለው አምነዋል» ተብሎ በቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩ አሳዝኖናል፤ እንዲታረምም እንፈልጋለን።

ሁለተኛው የክፍሉ ነገር ነው። ክፍሉ የተወሰደው ለሌላ ምርምር አይደለም፤ ለተሰባበሩ ወንበሮችና ለአሮጌ ኮምፒውተሮች ማከማቻ ነው። አቧራ እንዳይገባ በፕላስቲክ የሸፈንናቸው መስኮቶች ተከፈቱ፤ ኢንኩቤተሩ ወደ ኮሪደር ወጣ። ቺፖቻችን የሚወጡበት ሞልድ በስስ የሲሊከን ሰሌዳ ላይ የተሠራ ነው፤ በክዳን ሳሕን ተደርጎ መደርደሪያ ላይ ነበር። ወንበር የሚያስገቡት ሠራተኞች ሳሕኑን ባዶ መስሏቸው መሬት ላይ አኖሩት፤ በማግስቱ ሰሌዳው ከጠርዙ እስከ ቦዮቹ መካከል ተሰንጥቆ አገኘነው። በሠራተኞቹ አንፈርድም፤ የነገራቸው ሰው የለም። ንብረቱ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦለት የገባ የማዕከሉ ንብረት ሆኖ ሳለ፣ ርክክብ ሳይደረግ፣ ባለቤቶቹም ሳይገኙ ክፍሉን ያስከፈተው ማን እንደሆነ ግን በጽሑፍ ጠይቀን አልተነገረንም።

ሦስተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሣል፤ የአስተዳደር ሕንፃውና የስብሰባ አዳራሹ ይበራሉ፤ የእኛ መስመር ግን ከጄኔሬተሩ ጋር አልተያያዘም። መስመሩን ለማገናኘት የሚያስፈልገው ኬብልና የአንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። ጥያቄውን ደጋግመን በጽሑፍ አቅርበናል። ነርቮች በቺፕ ላይ አክሶናቸውን በቦዮቹ አሳልፈው ለሙከራ እስኪደርሱ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይወስዳሉ፤ ቅዳሜ ማታ የጠፋ መብራት እሑድ ጧት ሁሉንም ሊያሳጣ ይችላል፤ አሳጥቶናልም። ከዚያ በኋላ «ሙከራዎቹ በተደጋጋሚ ይከሽፋሉ» የሚል አስተያየት በግምገማው ላይ ቀረበብን።

አራተኛ፣ ከውጭ አገር በትብብር ያለ ክፍያ የተላከልን የላሚኒን (ነርቮች በቺፑ ላይ እንዲይዙ የሚያደርግ ፕሮቲን) እና የፀረ እንግዳ አካላት ጭነት ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ከማዕከላችን የሚያስፈልገው የድጋፍ ደብዳቤ በወቅቱ አልተጻፈም። ደብዳቤው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲመላለስ፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ሲሆን፣ ተወካዩ ደግሞ «ውክልናዬ ይህን አይጨምርም» ሲል፣ በካርቶኑ ውስጥ የነበረው ደረቅ በረዶ ተንኖ አልቆ ነበር። ካርቶኑን ስንከፍት ብልቃጦቹ የክፍል ሙቀት ላይ ደርሰው ነበር። የላኩልን ሰዎች ምን እንደደረሰ ሲጠይቁ እውነቱን ጻፍንላቸው፤ ሁለተኛ አልላኩም።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከብደን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ጉዳይ ነው። ከአደጋ በኋላ የሚጥል በሽታን ለመከላከል ለታካሚዎች የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች የሶዲየምን በር የሚዘጉ ናቸው፤ በተለጠጡ አክሶኖች ላይም ካልሲየም የሚገባው በሶዲየም በር በኩል በተጀመረ ሂደት መሆኑ በቤተ ሙከራ ታይቷል። አንዷ ተማሪያችን የያዘችው ጥያቄ እነዚህ በየፋርማሲው የሚገኙ መድኃኒቶች ለአክሶኑ ምን ያደርጋሉ፣ ከተለጠጠ ከስንት ሰዓት በኋላስ ቢሰጡ ለውጥ አያመጡም የሚል ነው። ጥያቄው ርካሽ ነው፤ ተገቢም ነው፤ መልሱ «አይጠቅሙም» ቢሆን እንኳ የሚታተም ነው። ሌላው ተማሪ አክሶኑ ራሱን በራሱ የሚያፈርስበትን መንገድ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2012 ሚናው የታወቀውን ሳርም1 የተባለ ፕሮቲን ይከታተላል። ለሁለቱም የተሰጣቸው ትእዛዝ ርዕሳቸውን ቀይረው «በአካባቢው ኅብረተሰብ የትራፊክ ደህንነት ግንዛቤ» ላይ መጠይቅ እንዲበትኑ ነው። በመጠይቅ ጥናት ላይ ንቀት የለንም። ነገር ግን ሕዋስ ማሳደግ ተምሮ፣ እጁ ተስተካክሎ፣ መረጃ መሰብሰብ የጀመረን ተማሪ በመመረቂያው ዋዜማ ወደማያውቀው ሙያ መግፋት ጊዜውንም ማዕከሉ ያወጣበትንም ገንዘብ ማባከን ነው። የኮንትራት ቴክኒሻናችንም ውል ሳይታደስ ቀርቷል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስተካከለችው እሷ ነበረች።

በቃል የተነገሩን ሁለት ምክንያቶችም መልስ ይገባቸዋል። «አይጥ እያለ ቺፕ ለምን?» ተብለናል። እኛም ነርቮቹን የምናገኘው ከአይጥ ሽል ነው፤ ከአንድ እርጉዝ አይጥ የሚገኘው ሕዋስ ግን ለብዙ ቺፖች ይበቃል፤ በሕያዋን እንስሳት ላይ ይህንኑ ቁጥር ያለው ሙከራ ለመሥራት የብዙ እንስሳትን ጭንቅላት መምታት ያስፈልጋል። የአይጥ አንጎል ትንሽና ለስላሳ ገጽ ያለው፣ ነጩ ክፍሉም ከሰው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ የመሽከርከር ጉዳትን ለማጥናት በጣም ምቹ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ባጸደቀችው ሕግ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት የግድ በእንስሳት መፈተን አለበት የሚለውን ግዴታ አንሥታ፣ እንደ ቺፕ ላሉ መንገዶች በር ከፍታለች። እንስሳት ከምርምር ይውጡ የሚል አቋም የለንም፤ የተጠየቅነውን ጥያቄ የሚመልሰው ግን ቺፑ ነው።

ሁለተኛው «ውጭ አገር እየተሠራ ስለሆነ ውጤቱን እናነባለን» የሚል ነው። በዚህ ላይ በጽኑ እንለያለን። ውጭ አገር የሚሠራው ሙከራ ባብዛኛው የሚጀምረው አምቡላንስ በደቂቃዎች ደርሶ ኦክስጅን ከሚሰጠው ታካሚ ነው። ከአለም ገና ወይም ከዚያ ማዶ የሚመጣ ተጎጂ ግን በባጃጅ ወይም በአይሱዙ ተጭኖ፣ ደም እየፈሰሰው፣ ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው እየተላከ ሰዓታት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ከባድ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች የላይኛው የደም ግፊታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ከ90 በታች ከወረደ የመሞት ዕድላቸው እጥፍ ያህል እንደሚሆን አሳይቷል። በቺፑ ላይ አክሶኑን ለጥጦ፣ ከዚያ ኦክስጅኑንና ስኳሩን ቀንሶ፣ ሰዓታት አዘግይቶ ማየት ይቻላል። ይህ የእኛ ታካሚ ጥያቄ ነው፤ ሌላ ሰው ተነሥቶ ይጠይቅልናል ብለን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም።

የሥራችንን ጉድለት እናንተ ሳትጠይቁን እንናገራለን። ቺፕ አንጎል አይደለም፤ የራስ ቅል የለውም፣ ደም አይዘዋወርበትም፣ የሚያብጥበት ቦታም አይጠበውም። ፒዲኤምኤስ ስብ ወዳድ የሆኑ ትንንሽ ሞለኪውሎችን ወደ ውስጡ ስለሚመጥ የመድኃኒት መጠን ሊያሳስት ይችላልና በየሙከራው መለካት አለበት። በቺፕ ላይ ተስፋ የሰጠ ነገር በሰው ላይ ሊከሽፍ ይችላል፤ በዚህ ዘርፍ ከዚህ የበለጡ ውድቀቶች ታይተዋል። ለዐሥርተ ዓመታት በጭንቅላት አደጋ ታካሚዎች ላይ ይሰጥ የነበረው ኮርቲኮስቴሮይድ የተባለ እብጠት ቀናሽ መድኃኒት፣ ክራሽ በተባለው የሕክምና ሙከራ በ10,008 ታካሚዎች ላይ ሲፈተሽ ሞትን እንደሚጨምር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ፕሮጀስትሮን የተባለው ሆርሞን በእንስሳት ላይ ብዙ ተስፋ ከሰጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተሙ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ጥቅም እንደሌለው ታየ። እነዚህ ውድቀቶች ወደ ሰው ከመሄዳችን በፊት በአክሶኑ ውስጥ የሚሆነውን በቅርብ ማየት እንዳለብን የሚያሳስቡ ናቸው እንጂ፣ ማየቱን ለመተው ምክንያት ሊሆኑ አይገባም።

ስለዚህ የሚከተሉትን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የማቋረጫው ውሳኔ እንዲታገድና ጉዳዩ፣ ቢያንስ አንድ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ አንድ የፓቶሎጂ ባለሙያና አንድ በሕዋስ ማሳደግ ሥራ ልምድ ያለው ሰው በተካተቱበት ኮሚቴ፣ ቤተ ሙከራው በአካል ታይቶ ዳግም እንዲገመገም። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ምክንያቱ ተዘርዝሮ በጽሑፍ ይሰጠን፤ ዳግም ግምገማው ይዘጋ ካለ በምን ምክንያት እንደሆነ አንብበን እንቀበላለን።

ክፍሉ ከወንበሮቹ ተለቅቆ በርክክብ እንዲመለስልንና ለተሰነጠቀው ሞልድ ምትክ እንዲገዛ፤ ይህ እስኪሆን ድረስ ኢንኩቤተሩ ከኮሪደር ተነሥቶ በር ያለው ክፍል ውስጥ እንዲገባ። የኢንኩቤተሩና የማቀዝቀዣው መስመር ከጄኔሬተሩ ጋር እንዲገናኝ፤ ለዚህ ኬብሉን ከራሳችን ለመግዛት እንኳ ፈቃደኞች ነን፤ የሚያስፈልገን ፈቃድ ነው።

ለምርምር የሚመጡ የሚበላሹ ዕቃዎችን የድጋፍ ደብዳቤ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ የሚፈርም ሙሉ ውክልና ያለው ሰው እንዲመደብ። ይህ ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለክትባትና ለግብርና ባልደረቦቻችንም ይጠቅማል።

ሁለቱ ተማሪዎች በጀመሩት ርዕስ እንዲጨርሱ፣ የመመረቂያ ጊዜያቸውም በተስተጓጎለው ልክ እንዲራዘም፤ የቴክኒሻኗ ውልም እንዲታደስ። በቃለ ጉባኤው ላይ በስማችን የሰፈረው የተዛባ አገላለጽም እንዲታረም።

እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ መልስ እንጠብቃለን። መልስ ካልመጣ ጉዳዩን ለማዕከሉ የሥራ አመራር ቦርድ እናቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር

በአንጎል አደጋ የሚደርስ የነርቭ ጉዳትን በቺፕ የሚያጠናው ቡድን
ተመራማሪዎች፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና የቤተ ሙከራ ቴክኒሻኖች

ግልባጭ፦
ለማዕከሉ የሥራ አመራር ቦርድ
ለማዕከሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ተወካይ
ለንብረት ክፍል